ገበሬው ዛፍ ይጠላልን?

ባለፈው ክረምት ችግኝ ለመትከል ከከተማ ስንወጣ በአውቶቡሱ ውስጥ የባላገሩ ስም ሲነሣና ሲወድቅ ዋለ። «ገበሬ ዛፍ ይጠላል፤ ያገኘውን ሁሉ ይጨፈጭፋል» ተባለ። እኔም የገበሬ ልጅ ሆኜ ሳለሁ ዝም አልሁ። ያ ዝምታዬ ስለ ቆጨኝ ነገሩን ዛሬ ላስረዳ።

በእርሻ መካከል ቆሞ የምናየውን ዋንዛ፣ ብሳና ወይም ግራር አብዛኛውን ጊዜ የተከለው ሰው የለም። ወፍ፣ ከብት ወይም ነፋስ ያመጣው ዘር ነው። ገበሬው ሲያርስ ቡቃያውን አይቶ እርፉን ዘንበል ካደረገለት ይድናል፤ አለዚያ ይነቀላል። የጤፍ ማሳ በዓመት አራት አምስት ጊዜ ይታረሳልና አንድ ዛፍ እስኪያድግ ድረስ ስንት ጊዜ ምሕረት እንደሚያሻው አስሉት። እንግዲህ በማሳ ላይ የቆመ ዛፍ ሁሉ የታሰበበት ዛፍ ነው።

የሚታሰበውም በጥቅሙ ነው። ገርቢ የተባለው ዛፍ ከሌላው ተለይቶ በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። ስለዚህ አዝመራውን አያጠላበትም፤ ቅጠሉ መሬቱን ያዳብራል፤ ፍሬው ለከብት መኖ ይሆናል። ዋንዛ ለጣውላና ለንብ ይፈለጋል። ባሕር ዛፍ ግን ምንም እንኳ ገንዘብ ቢያመጣ ከሰብል ጋር ውሃ ስለሚሻማ ለብቻው ከዳር ይተከላል። በማሽላ አገር ደግሞ ዛፍ የወፍ ማደሪያ ነው። (ማማ ላይ ወጥቶ ወፍ ሲጠብቅ ያልዋለ ሰው ይህን ሊንቀው ይችላል።)

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የዋስትና ነገር ነው። ከ1967 ዓ.ም. በፊት ነገ ከመሬቱ ሊነሣ የሚችል ጭሰኛ ዛፍ ቢያሳድግ ድካሙ ለባለመሬቱ ነበር። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ነገር ግን መሬቱ የሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ ገበሬው «በሚመጣው ድልድል ይህ ማሳ የማን ይሆን?» ከማለት አልዳነም። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና ሲደለደል ሥጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ ታየ። ከ1990ዎቹ ወዲህ የሚሰጠው የይዞታ ደብተር ይህን ፍርሃት ለማቅለል የታሰበ ነው። ደብተር ግን ከብት አይከለክልም፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ክፍት በሚሆንበት አገር ችግኝ የፍየል ቀለብ ነው።

በዚያ ቀን ተክለን ስንጨርስ አንድ ሽማግሌ ቀረብ ብለው «ልጆቼ፣ በበጋ ማን ይጠብቀዋል? ሲያድግስ የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን። መልስ የሰጣቸው አልነበረም። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ፤ እኛም ተሳፈርን።