የሠራተኛው ማኅበር ታሪክ ለገበሬው መሪ ምን ያስተምራል?

ልደታ፣ አዲስ አበባ፦ ጧት ጧት በሜክሲኮ አደባባይና በሰንጋ ተራ በኩል ወደየሥራው ከሚጣደፈው ሠራተኛ መካከል የገበሬ ልጅ የሆነው ጥቂት አይደለም። ስለሆነም የሠራተኛው ማኅበር ታሪክ ለገጠር ማኅበር መሪዎች የሩቅ ወሬ ሊሆን አይገባም። ጽሑፋችንን ከልደታ የምንጀምረውም ያለ ምክንያት አይደለም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከመከፈቱ በፊት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላኖች የሚያርፉት በልደታ ሜዳ ነበር። የዚሁ መሥሪያ ቤት ሠራተኞችም በዚህ ታሪክ ውስጥ ከባድ ዋጋ ከከፈሉት ወገኖች ናቸው።

በእድር ስም መደራጀት

በሀገራችን ሠራተኛው በማኅበር ለመሰባሰብ የሞከረው ሕግ ሳይፈቅድለት ነው። በ1930ዎቹ ማለቂያ ላይ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ሆኖም ያደረጉት አድማ በኃይል ተበተነ። ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ፋብሪካዎች የነበሩ ሠራተኞች በእድርና በመረዳጃ ስም መሰባሰብን መረጡ። ገበሬው እንደሚያውቀው እድር ቀብር ብቻ አይደለም፤ መዋጮ፣ መዝገብና ዳኛ ያለው ድርጅት ነው። ሠራተኛውም ስብሰባ መምራትን፣ ገንዘብ መያዝንና መሪ መምረጥን የተለማመደው በዚሁ ነው።

በዚህ ረገድ የወንጂ ስም ቀድሞ ይነሳል። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ያቋቋመው የስኳር ፋብሪካ ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነበር። በአገዳው እርሻ ላይ የሚሠራው ሰው ኑሮው በግማሽ የገበሬ፣ በግማሽ የሠራተኛ ነበር። የወንጂ ሠራተኞች ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ ሁኔታ ያነሱት ጥያቄ ለሌሎችም ምሳሌ ሆነ።

ሕጉና ወሰኑ

በ1948 ዓ.ም. ተሻሽሎ የወጣው ሕገ መንግሥት በሕግ መሠረት በማኅበር መደራጀትን ፈቅዶ ነበር። ዝርዝር ሕግ እስኪወጣ ድረስ ግን ዓመታት አለፉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ በ1954 ዓ.ም. መጨረሻ ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ሆኖ ጸና። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከወንጂ የመጡት አብርሃም መኮንን ነበሩ፤ በኋላም በየነ ሰሎሞን ማኅበሩን ለብዙ ዓመታት መርተዋል።

ይሁን እንጂ ማኅበር ለማቋቋም በአንድ ድርጅት ውስጥ ቢያንስ 50 ሠራተኛ መኖር ነበረበት። በዚህም የተነሳ በትናንሽ ድርጅቶች ተበታትኖ የሚሠራው ከሕጉ ጥላ ውጭ ቀረ። በየእርሻው በጥቂት ቁጥር የሚቀጠረው የቀን ሠራተኛም ዕጣው ይኸው ነበር። ጭሰኛውማ የሚሟገትበት ማኅበር ጨርሶ አልነበረውም።

አራት ቀንና አንድ ዓመት

የካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. አንድነት ማኅበሩ በሀገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። አድማው ለ4 ቀናት ቆይቶ መንግሥት ጥያቄዎቹን ለመቀበል በመስማማቱ ቆመ። መስከረም 1967 ዓ.ም. ማኅበሩ ሕዝባዊ መንግሥት እንዲቋቋም ጠየቀ፤ ወታደራዊው መንግሥትም መሪዎቹን አሰረ።

በዚያው ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን፣ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 ታወጀ። ጭሰኝነት ቀረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚፈቀደው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተደነገገ፤ የገበሬ ማኅበራትም ቢያንስ በ800 ሄክታር ክልል እንዲቋቋሙ ተወሰነ። እንግዲህ ገበሬው መሬትና ማኅበር ባገኘበት ወቅት ሠራተኛው ማኅበሩን ማጣት ጀምሮ ነበር ማለት ነው። በመስከረም 1968 ዓ.ም. ወረቀት ሲበትኑ በነበሩ የአየር መንገድ ሠራተኞች ላይ ተተኮሰ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። በአዲስ አበባም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ።

አሮጌው ማኅበር ፈርሶ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የመላው ኢትዮጵያ ገበሬዎች ማኅበር ተከተለ። ሁለቱም አባላቸው ብዙ፣ መዋቅራቸው ሰፊ ነበር። ግን ትእዛዝ ከላይ ይወርድ ነበር እንጂ ጥያቄ ከታች ወደ ላይ እምብዛም አይወጣም ነበር። የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር የእህል ኮታ እንዲያስገባና ለውትድርና ወጣት እንዲመለምል ይታዘዝ ነበር። ብዙ ገበሬ ማኅበሩን እንደ ራሱ ቤት ሳይሆን እንደ ጭቃ ሹም ማየት የጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ለብዙው ማኅበር የተከራከረለት አባል አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ በ1986 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተ። እሱም ብዙ ሳይቆይ ታግዶ እንደገና የተቋቋመው በ1989 ዓ.ም. ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 377 ማኅበር ለማቋቋም የሚያስፈልገውን ቁጥር ወደ 10 ሠራተኛ ዝቅ አደረገ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህንኑ ጠበቀ።

ለመሪዎች የቀረበ ጥያቄ

የመስኖ ቦይ ጠለፋው በሌላ ሰው እጅ ከሆነ፣ ቦዩ ምንም ያህል ቢጠረግ ማሳው መድረቁ አይቀርም። ማኅበርም እንደዚያው ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባችሁ ሦስት ጥያቄ አንሡ። የመዋጮው ሒሳብ በአባላት ፊት የተነበበው መቼ ነው? መሪውን መርጦ ያስቀመጠውና ሊሽረው የሚችለው ማን ነው? ማሳ የሌለው የቀን ሠራተኛና ባሏ የሞተባት ሴት በስብሰባው ላይ ድምፅ አላቸው ወይ? መልሱ አጥጋቢ ካልሆነ፣ ጥገናው ዛሬውኑ ይጀመር።