ደንን የሚጠብቀው ገንዘብ ከወዴት ይመጣል?

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ዙሪያ ባለው ደን፣ ከታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡናና ኮረሪማ በቅሎ፣ ከቅርንጫፋቸውም ላይ ቀፎ ተሰቅሎ የተመለከተ ሰው፣ ደኑ የብዙ ቤተሰብ ግምጃ ቤት መሆኑ አይሰወረውም። በዚሁ አካባቢ የሚገኘው የሸካ ደን በ2012 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ሆኖም መዝገብ ብቻውን ደንን አያጸናም።

ደንን የሚያጸናው አሳታፊ የደን አስተዳደር ነው፤ ምሥጢሩም፣ መንግሥትና የአካባቢው ማኅበር ወሰን ለይተው፣ የመጠቀምን መብትና የመጠበቅን ግዴታ በአንድ ውል ማሰራቸው ነው። እንደ አውሮፓ ኅብረት ያለ ለጋሽ ለካርታ፣ ለሥልጠናና ለማኅበር ምሥረታ የሚሰጠው ገንዘብ ዘር ነው፤ የለጋሹ ፕሮጀክት ሲፈጸም ግን ጥበቃውን የሚመግበው፣ ማሩና ቡናው በኅብረት ተሽጦ ከትርፉ ለማኅበሩ ሣጥን የሚቀረው ድርሻ ነው።

ስለዚህ ለጋሾች ሆይ፣ የገበያውን መንገድ ሳታቃኑ አትውጡ፤ ደኑ ለባለአደራው እንጀራ ካልሆነው አደራው አይጸናምና።