የናፍጣ ዋጋ፣ የፎገራ ማሳና ዘካችን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ነዳጅ ጨመረ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ወደ ቤተሰብ የምንሄድበትን የአውቶቡስ ታሪፍ ነው። ጭማሪው ግን መናኸሪያ ከመድረሱ በፊት ማሳ ላይ ይደርሳል። ይህን ለመረዳት በወረታ ዙሪያ የተዘረጋውን የፎገራ ሜዳ፣ እነ ቁሐር ሚካኤልን ማየት ይበቃል።

የፎገራ ገበሬ ክረምት ላይ ሩዙን የሚያበቅለው በዝናቡና ሜዳው ላይ በሚተኛው ውኃ ነው። በጋ ላይ ሽንኩርትና ሌላ የመስኖ ሰብል ሲያለማ ግን ውኃውን ከርብና ከጉማራ ወንዞች ወይም ከጉድጓድ በሞተር ይስባል። ሞተሩ ደግሞ ያለ ነዳጅ አይነሳም።

መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ሲጀምር፣ በሰኔ 2014 መጨረሻ፣ አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 49 ብር ገባ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ወደ 99 ብር ደረሰ። ነዳጅ በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በአጭር ጊዜ ከ100 ብር አለፈ።

እስቲ እናስላው። አንድ ገበሬ በአንድ በጋ 80 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። ያኔ 3,920 ብር ይበቃው ነበር፤ በኋላ 7,920 ብር ሆነበት። ከማደያ ሳይሆን በጀሪካን ከቸርቻሪ ከገዛማ ከዚህም ይብሳል። ይህን ወጪ ወይ በሽንኩርቱ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል፣ ወይ የሚያጠጣውን መሬት ይቀንሳል። በመጀመሪያው ሸማቹ ይጎዳል፣ በሁለተኛው ምርቱ ያንሳል። በዚህ ላይ የጭነት መኪናውና የሩዝ መፈልፈያው ወጪ ይደረብበታል። የኑሮ ደረጃ ወረደ የሚባለው ይኸው ነው፤ የአባታችን ገቢ በቁጥር ሳይቀንስ፣ የሚገዛው እህል ይቀንሳል።

ሸሪዓችን የውኃን ወጪ ከጥንትም አልዘነጋውም። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዝናብ ወይም ምንጭ ላጠጣው ሰብል ዘካው ዑሽር፣ ማለትም ከአሥር አንድ፣ በድካም ተቀድቶ ለጠጣው ደግሞ የዑሽር ግማሽ እንዲሆን ደንግገዋል። ያኔ ውኃ የሚስበው ግመል ነበር፤ ዛሬ ሞተር ነው። ስለዚህ 20 ኩንታል ሩዝ ያገኘ ገበሬ፣ ያበቀለው በዝናብ ከሆነ 2 ኩንታል ያወጣል። በሞተር ካጠጣው 1 ኩንታል ነው። እኩል ለእኩል ከሆነ አንድ ኩንታል ተኩል ይሆናል። በሽንኩርትና በመሳሰሉት አትክልቶች ላይ ግን ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ አቡ ሐኒፋ ዘካ አለው ሲሉ፣ ብዙኃኑ የማይከማች ነው ብለው የለውም ይላሉ። የናፍጣው ወጪ ለብቻው ይቀነሳል ወይ የሚለውንም የአካባቢያችንን ዓሊም እንጠይቅ።

ሌላው ጉዳይ ኢሕቲካር ነው። ሰው የሚቸገርበትን ዕቃ ዋጋው እስኪንር ደብቆ መያዝን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የኃጢአተኛ ሥራ ብለውታል። ነዳጅ በጀሪካን ደብቆ ማሳው ሊደርቅበት ላለ ገበሬ በእጥፍ መሸጥ «ንግድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

እኛስ? ለዕረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ለቤተሰቦቻችን ሁለት ነገር ማድረግ እንችላለን። አንደኛ፣ የነዳጁን፣ የማዳበሪያውንና የጉልበቱን ወጪ በደብተር እየመዘገብን፣ ምርቱን ከስንት ብር በታች ቢሸጡ እንደሚከስሩ አብረን እናስላ። ሁለተኛ፣ ዘካው በትክክል ተሰልቶ ለሚገባው ሚስኪን እንዲደርስ እንርዳ። ኑሮ ሲከብድ ዘካ የሚጠብቀው ሰው ይበዛልና።

አላህ (ሱ.ወ.) የሀገራችንን ሕዝብ ችግር ያቅልልን፣ በምርቱም በረካ ያድርግ። አሚን።