«ልጄን ከየኔታ ዘንድ ላስወጣው ይሆን?»

ይህን የጠየቀችኝ የአክስቴ ጎረቤት ናት። ቦታው ኦጎልቾ፤ ከአሰላ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ስትወርዱ የምታገኟት፣ ሙቀቷ የአሰላን ብርድ የሚያስረሳ ከተማ።

ልጇ ስምንት ዓመቱ ነው። የነገሩት ነገር ቶሎ አይገባውም፤ ሲናገርም ይኮላተፋል። አስኳላ አንድ ዓመት ተመላልሶ ከ«ሀ» አላለፈም። አሁን ቄስ ትምህርት ቤት ገብቷል። እዚያም ልጆቹ «ፈዛዛው» ይሉታል፤ አለንጋም ቀምሷል።

እኔ ደግሞ የአዲስ አበባ ልጅ አይደለሁ! «እትዬ፣ ቶሎ አስወጪው! እኛ ጋ ማዕከል አለ» አልኳት አፌን ሞልቼ። እውነትም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እንደ ፈረንጆቹ በ2002 ያቋቋሙት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል አለ። «እሱስ ደግ ነበር፤ ማን ጋ አሳድሬው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። (የልጁ ችግር ኦቲዝም መሆኑንስ ማን አየው?)

በማግስቱ አብረን ሄድን። ለካስ የየኔታን ትምህርት ቤት ሳላውቀው ነው የፈረድኩበት! አንዱ ሀሁ ይቆጥራል፣ አንዱ አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፣ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ክፍል መውደቅ ብሎ ነገር የለም፤ ፊደሉን ያልለየ እስኪለይ እዚያው ነው። የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል። ማታ ደግሞ የቃል ትምህርት አለ፤ ጸሎቱ ያለ መጽሐፍ፣ በጆሮ ብቻ ይጠናል። ዓይነ ስውራን የቅኔ መምህር እስከ መሆን የደረሱት በዚሁ መንገድ ነው። ታዲያ ለዘገምተኛ ልጅ ኦጎልቾ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

አለንጋውስ? እሱን ፈራ ተባ እያልኩ ለየኔታ አነሳሁላቸው። ቀና ብለው እናቱን አዩና «እልኸኛ መስሎኝ እኮ ነው። ምነው ሳትነግሪኝ?» አሏት። አንገቷን ደፋች። ጎረቤት «እርግማን ነው» እንዳይላት ስትሸሽግ ነው የኖረችው።

የዚያኑ ዕለት ተስማሙ። በቀን አንዲት ፊደል ብቻ፤ ዳዊት የሚደግመው ልጅ አጠገቡ ይቀመጣል፤ አለንጋ የለም፤ የሚሳለቅበትም ይቀጣል። እኔ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ አሰላ ሆስፒታል ወስዳ ጆሮውን ታስመርምረው። ስንቱ «ፈዛዛ» የተባለ ልጅ የማይሰማ ሆኖ ተገኝቷል! እናንተም እንዲህ ያለ ታናሽ ወንድም ካላችሁ፣ የኔታም ይሁኑ ቲቸር፣ ሳትደብቁ ንገሯቸው።

ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። «መ» ላይ ደርሷል። የጆሮው ቀጠሮ ገና ነው።