ለከርሞ የተባለ ወፍ በሚያዝያ ይረግፋል

በሰሜን እንግሊዝና በስኮትላንድ ደጋዎች በየዓመቱ ነሐሴ 6 ቀን (ኦገስት 12) የሚከፈት ገበያ አለ። ሸቀጡ ቀይ ግራውስ የሚባል ቆቅ መሰል የዱር ወፍ ነው። አዳኞች በአብዛኛው የሚከፍሉት በሚጥሉት ጥንድ ወፍ ልክ ሲሆን፣ የአደን መሬት ሲሸጥም ዋጋው የሚገመተው በአማካይ በዓመት ስንት ጥንድ እንደሚታደንበት ታይቶ ነው።

ይሁን እንጂ ገበያው በደራ በዓመቱ መሬቱ ባዶ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሎርድ ሎቫት የመሩት አጣሪ ኮሚቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ባወጣው ሪፖርት ዋነኛ ጥፋተኛ ያደረገው አንድ ፀጉር መሰል የአንጀት ትል ነው። ግራውስ ኮሶም ይገኝበታል፤ ባለመሬቶችን የሚያከስረው ግን ይኸው ቀጭን ትል ነው።

ትሉ በወቅት ይሠራል። በበጋቸው እንቁላሉ ከወፉ ኩስ ጋር ይወድቃል። የተፈለፈለው እጭ የአስታ ዘመድ በሆነው ሄዘር ቁጥቋጦ ጫፍ ላይ ይወጣል፤ ወፉም ለጋውን ቅጠል ሲቀነጥብ አብሮ ይውጠዋል። በመጸው የተዋጠው እጭ ወዲያው አያድግም። ክረምታቸውን በአንጀት ውስጥ አድፍጦ ያሳልፍና በሚያዝያ ገደማ በአንድነት ይነቃል። ጊዜው እናቲቱ ለእንቁላል ጉልበት የምትሻበት ነው። ደካሞቹ ይሞታሉ፤ የተረፉትም ጥቂት ጫጩት ያሳድጋሉ።

በሰሜን እንግሊዝ ይህ ውድቀት በየ4 እስከ 8 ዓመቱ ይመላለሳል። ሃድሰን፣ ዶብሰንና ኒውቦርን የተባሉ ተመራማሪዎች በ6 የአደን መሬቶች ላይ ያካሄዱትን ሙከራ በ1998 አሳትመዋል። ውድቀት በተጠበቀባቸው በ1989 እና በ1993 ወፎቹ የትል መድኃኒት በተሰጣቸው መሬቶች ላይ ቅነሳው እጅግ ቀለል ብሎ ታይቷል።

ዛሬ መድኃኒቱ የሚቀርበው ወፉ ምግቡን ለመፍጨት በሚውጠው ጠጠር ላይ ተቀብቶ ነው። የእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ ያስፈልገዋል፤ ሥጋው ለሰው ምግብ ስለሚውልም አደን ከመጀመሩ 28 ቀን በፊት መነሳት አለበት።

ሁለተኛው መላ ለነጋዴ የሚከብድ ነው። ወፍ በበዛበት ዓመት ለከርሞ ብሎ ማስቀመጥ ትሉን ማርባት ይሆናል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ባለመሬቶች በጥጋቡ ዓመት አደኑን ያበዛሉ። የቆጠበ ሰው አደኑ ሲሰረዝ የሚያጣው የራሱን ገቢ ብቻ አይደለም፤ ወፍ አባራሪው የቀን አበሉን፣ የመንደሩ ሆቴልም እንግዶቹን ያጣሉ።