ጸጉር እንዴት ድሬድ ይሆናል?
ድሬድ የአለመታጠብ ውጤት ነው የሚለው አመለካከት ለረጅም ጊዜ የቆየ ቢሆንም፣ የጸጉርን አሠራር ቀረብ ብሎ ለሚመረምር ሰው ነገሩ ተቃራኒ ሆኖ ይገኛል፤ ቅባት ዘለላዎችን እያሙለጨለጨ ስለሚያለያያቸው፣ ይበልጥ የሚቆላለፈው ንጹሕ ጸጉር ነው። እያንዳንዱ የጸጉር ዘለላ ኬራቲን ከተባለው፣ ጥፍርም ከተሠራበት ጠንካራ ፕሮቲን የተገነባ ሲሆን፣ ላዩ ጠርዛቸው ወደ ጸጉሩ ጫፍ ባዘነበለና በተደራረቡ ረቂቅ ቅርፊቶች የተሸፈነ ነው። በዚህም ምክንያት ጸጉር ከሥር ወደ ጫፍ ሲዳሰስ ይለሰልሳል፣ ከጫፍ ወደ ሥር ሲዳሰስ ግን ይሻክራል፤ ሁለት ዘለላዎች ሲተሻሹም ወደ አንድ አቅጣጫ እየተሳቡ ይጠላለፋሉ እንጂ በቀላሉ ወደ ኋላ አይመለሱም። የበግ ጠጉር በሙቅ ውኃና በሳሙና ሲታሽ የሚጠጥረውም በዚሁ ባሕርይ ነው።

ድሬዱን የሚያወፍረው ደግሞ የሚረግፈው ጸጉር ነው። ከጤናማ ሰው ራስ በየቀኑ በአማካይ ከ50 እስከ 100 ዘለላ የሚረግፍ ሲሆን፣ በሚበጠር ጸጉር ላይ በማበጠሪያ ተጠርጎ የሚወጣው ይህ ዘለላ በድሬድ ውስጥ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ድሬዱን የሚፈታ ሰው እጁ ላይ የሚቀረው ክምር የመመለጥ ምልክት ሆኖ ሊያስደነግጠው አይገባም።

የአጀማመሩ ስልት እንደ ጸጉሩ ዓይነት ይለያያል። ጥቅልል ጸጉር በየመታጠፊያው ከጎረቤቱ ጋር ስለሚገናኝ፣ በትናንሽ አራት ማዕዘን ተከፋፍሎ በጣት ወይም በማበጠሪያ ጫፍ መጠቅለል፣ አለዚያም ሁለት ሁለቱን መግመድ ይበቃዋል፤ ሉጫ ጸጉር ግን ወደ ሥሩ እየተበጠረ መድቦልቦል ወይም በኪሮሽ መርፌ መያያዝ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጃማይካ ከተነሣው የራስተፈሪ እምነት ተከታዮች ብዙዎቹ በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 የተጻፈውን፣ ምላጭ በራስ ላይ እንዳይደርስ የሚያዝዘውን የናዝራዊነት ስእለት መሠረት በማድረግ ጸጉራቸውን በራሱ እንዲቋጠር ይተዉታል፤ ይህም መጠኑ ወጥ ያልሆነ ድሬድ ያስገኛል።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ጸጉሩ ይንጨባረራል፣ ያጥራል፣ አንዳንዱም ይፈታል፤ ይህ የመቆላለፍ ሂደቱ አካል በመሆኑ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ድሬዱ እስኪጠነክርም አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰምም ሆነ በአገራችን የተለመደውን ቅቤ መቀባት አይመከርም፤ ከድሬዱ መሐል በቀላሉ ታጥቦ ስለማይወጣ አቧራ ይይዛል። መታጠቡ በራሱ አስፈላጊ ነው፤ ሆኖም የድሬዱ እምብርት ሳይደርቅ መጠቅለል ወይም መተኛት እርጥበቱን አፍኖ ለሻጋታና ለመጥፎ ጠረን ይዳርጋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የሥሩ አያያዝ ነው። ጸጉር በወር 1 ሴንቲሜትር ያህል ስለሚያድግ አዲሱን በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መጠቅለል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በየሳምንቱ የሚጠብቅ፣ ወይም ለቀጭን ሥር ከመጠን በላይ የከበደ ድሬድ ፎሊክልን፣ ማለትም ጸጉሩ የሚበቅልበትን የቆዳ ጎድጓዳ፣ ያለ ዕረፍት ይጎትተዋል። ሕመምን የውበት ዋጋ አድርጎ መታገሥ እጅግ ጎጂ ልማድ ነው፤ ሕመሙ፣ በሥሩ ዙሪያ የሚወጡት ትናንሽ እብጠቶችና የግንባሩ ዳር መሳሳት የጉዳቱ ጅማሬ ናቸው። መጎተቱ በዚህ ደረጃ ከቆመ ጸጉሩ አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፤ ፎሊክሉ ጠባሳ ከሆነ በኋላ ግን በቅባትም ሆነ በዘይት አይመለስም።