«አዘኑለት» አትበሉ

ኦቲዝም ያለበት ልጅ የክፍል ጓደኞቹ አብረውት መጫወት ሲጀምሩና እናቱ ደስታዋን ስትናገር፣ የሚሰጣት መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ «ልጆቹ እንዴት አዘኑለት! ይባረኩ!» ይህ መልስ በጣም ያናድደኛል። እናትየዋ የተደሰተችው ስለታዘነለት አይደለም፤ ልደት ስለተጠራ፣ ኳስ ሲመዳደቡ ስሙ ስለተነሳ ነው። ጓደኝነቱን የልጆቹ ደግነት ብቻ ካደረግነው፣ ትምህርት ቤቱ ምንም ሥራ የለበትም ማለት ነው። ሥራ ግን አለበት።

1. አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ብቻውን አያቀራርብም። የሥነ ልቦና ምሁሩ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳስረዳው፣ ሰዎች የሚቀራረቡት በእኩልነት፣ ለጋራ ግብ፣ ተባብረው ሲሠሩና የበላይ አካል ሲደግፋቸው ነው። በቡድን ሥራ ልጁ የራሱ ድርሻ ይሰጠው።

2. ልጁን ብቻ ማሠልጠን አይበቃም። ተመራማሪዋ ኮኒ ካሳሪና ባልደረቦቿ አሜሪካ ውስጥ በመደበኛ ክፍል የሚማሩ 60 ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላይ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት፣ የክፍል ጓደኞቹን ማሠልጠን ልጁን ለብቻው ከማሠልጠን የተሻለ ውጤት እንዳለው አሳይቷል።

ከሁሉ የሚብሰኝ ግን የ«ሻዶው ቲቸር»፣ ማለትም ለአንድ ልጅ ብቻ የምትመደብ ረዳት፣ ጉዳይ ነው። «ረዳት ካላመጣችሁ አንመዘግብም» የሚሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ወላጅ የትምህርት ቤቱንም የረዳቷንም ክፍያ ይከፍላል። ከዚያ ረዳቷ በልጁና በእኩዮቹ መካከል ትቀመጣለች፣ እሱ ሲጠየቅ እሷ ትመልሳለች፣ በረፍት ሰዓት እጁን ይዛ ጥግ ትወስደዋለች። ተመራማሪው ማይክል ጂያንግሬኮና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህንኑ ጽፈዋል፦ አዋቂ ከልጁ ጎን ሳይጠፋ ሲውል እኩዮቹ ይርቁታል። ረዳት አያስፈልግም አላልኩም፤ ያለ ረዳት ደኅንነቱ የማይጠበቅ ልጅ አለ። ሥራዋ ግን ልጁን ከልጆች ጋር አገናኝቶ ቀስ በቀስ ዞር ማለት ነው።

«ልጄ ላይ ይጋባበታል» የሚሉ ወላጆችም አሉ። ኦቲዝም አይጋባም! ከአእምሮ እድገት ጋር የተያያዘ ነው፤ እርግማንም የአስተዳደግ ጥፋትም አይደለም። «ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል» የሚለው የመምህራን ቅሬታ ግን እውነት ነው፣ መምህራኑን አልወቅስም። ቢሆንም አጠገቡ ማን እንደሚቀመጥ፣ በረፍት ማን ጨዋታ እንደሚጀምርለት መወሰን በጀት አይጠይቅም። የሕግ ግዴታም አለ፦ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ አንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት በግልጽ ይናገራል። ታዲያ ፈቃድ የሚያድሰው አካል ትምህርት ቤቶችን ስለ ሕንፃና ስለ መጸዳጃ ቤት ሲጠይቅ፣ ስንት ልጅ «ረዳት የለውም» ተብሎ ከበር እንደተመለሰ ለምን አይጠይቅም?